የጎመኑን ውሃ አትድፉት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የሰውነት ሕዋሳትን ከጉዳት ስለሚከላከሉት ንጥረ ነገሮች፣ ስለ አንቲኦክሲዳንት፣ ያወጣችሁት ጽሑፍ የትኛው ምግብ ምን እንደያዘ በሚገባ አስረድቷል። ሳይነሳ የቀረው የድስቱ ጉዳይ ነው። ከሐዋሳ ገበያ ትኩስ የተገዛው አትክልት ብዙ ጥቅሙን የሚያጣው ማጀት ከገባ በኋላ ነው።

ጎመንን እንውሰድ። በብዙ ቤት ተከትፎ ይታጠባል፣ በብዙ ውሃ ይቀቀላል፣ ከዚያ ተጨምቆ ውሃው ይደፋል። ቫይታሚን ሲ በውሃ ይሟሟል፣ ሙቀትም ያጠፋዋል፤ ስለዚህ አብዛኛው ከተደፋው ውሃ ጋር ይሄዳል፣ ፎሌት የተባለው የቢ ቫይታሚንም ይከተለዋል። «የሐበሻ ጎመን ይመራል፣ ካልተቀቀለ አይበላም» የሚሉ እናቶች ስለ ምሬቱ ልክ ናቸው። መፍትሔው ግን ለጋውን መምረጥና ውሃ መቀነስ ነው። ቅጠሉን ሳይከተፍ በደንብ እጠቡ፣ የምትከትፉት ድስቱ ከተጣደ በኋላ ይሁን። ሽንኩርቱን በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አቁላልታችሁ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ። ወፍራሙን አገዳ በስሱ ከትፋችሁ አስቀድሙ፣ ቅጠሉን አስከትሉ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ክደኑት። ለጋ ከሆነ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ከጠወለገ እሳቱ በዝቶበታል። መቀቀል ግድ ከሆነም ውሃውን ለወጡ ተጠቀሙበት።

ዘይቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም። የካሮትና የጎመን ቤታ ካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር) ቅባት ከሌለ ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም። በጾም ዘይት፣ በፍስክ ቅቤ ይሆናል፤ ሰላጣ ላይ ደግሞ ሩብ አቮካዶ መጨመር ያንኑ ሥራ ይሠራል። ልጆች ላሉበት ቤት ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ስኳር ድንች ከነጩ እጅግ ይሻላል፤ ነጩ ቤታ ካሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። ከነልጣጩ ቀቅሉት። ለቲማቲም ቅላቱን የሚሰጠው አንቲኦክሲዳንት፣ ላይኮፒን፣ ደግሞ በተቃራኒው በዘይት ሲቁላላ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ቁሌታችን እዚህ ላይ የሚነቀፍ ነገር የለውም።

ስለ ጁስ ቤቶቻችን ዝም ማለት አንችልም። አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ከተጨመረ 36 ግራም ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው የቀን ጣሪያ 50 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። በምትኩ ዘይቱን የተባለውን ፍራፍሬ (ጓቫ) ያለ ስኳር ብሉ፤ 100 ግራሙ ከ200 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው፣ ብርቱካን ግን 50 ያህል ብቻ ነው።

ቡናም ጥሩ የአንቲኦክሲዳንት ምንጭ ነው፣ እስኪጠቁር ካልተቆላ። ሆኖም ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ ሲጠጣ የእህልና የአትክልት የብረት ማዕድን (አይረን) ሰውነት ውስጥ በደንብ እንዳይገባ ያግዳል። በተለይ ነፍሰ ጡሮች ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቢያቆዩት መልካም ነው።

በመጨረሻ፣ እንደ ምግብ ምትክ ስለሚሸጡት እንክብሎች። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ የታተመው የፊንላንድ ጥናት 29 ሺህ በሚሆኑ አጫሽ ወንዶች ላይ የተደረገ ነበር። በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን በክኒን ከወሰዱት መካከል የሳንባ ካንሰር ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። የሚያጨስ ሰው ይህን ክኒን አይውሰድ፤ ካሮቱንና ስኳር ድንቹን ግን ያለ ስጋት ይብላ።

የሥነ ምግብ ባለሙያዎች
ከሐዋሳ