ወደ ኤረር ሸለቆ ለምትወርደው እህቴ

ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ካናዳ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እማዬ፣ አባዬና የድሬዳዋ ቀዚራ ሰፈር ጎረቤቶቻችንስ እንደምን ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ከዝሆን ቆጠራው ቡድን ጋር ወደ ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ወርደሽ ለሳምንታት እንደምትቀመጪ በስልክ ስትነግሪኝ፣ እማዬ ከጎንሽ ሆና «አንተ ጫካ የምትውል ነህ፤ ምን ይዛ እንደምትሄድ ንገራት እንጂ» ስላለችኝ፣ እየተቆራረጠ ከሚሰማው ስልክ ይልቅ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍሁልሽ።

እኛ እዚህ በችግኝ ተከላ ወራት ከከተማ ርቀን በድንኳን ስንሰፍር ቦርሳችንን የምናሰናዳው ቅዝቃዜንና ዝናብን እያሰብን ነው፤ ልብሱ ርሶ ነፋስ ሲመታው ያመሸ ሰው፣ ውርጭ ባይኖር እንኳ ሰውነቱ ሙቀቱን አጥቶ ሊሞት ይችላልና። የእኛን ዝርዝር እንዳለ ብልክልሽ ግን ሸክም ብቻ ይሆንብሻል። በየሱቁ ተሰናድተው የሚሸጡት የነፍስ ማዳኛ ቦርሳዎችም ቢሆኑ መንጠቆና የሽቦ መጋዝ የታጨቀባቸው ናቸው፤ ግማሹን አውጥቼ ብጥለው ቅር አይለኝም። ቦርሳ ሲዘጋጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው በዚያ አገር ሰውን ቀድሞ የሚጥለው ምን እንደ ሆነ ነው። መጠለያው ባለበት በኤረር ሸለቆ ቀድሞ የሚጥልሽ ሙቀትና የውሃ እጥረት ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

በሙቀት ውስጥ በእግሩ የሚውል ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን 5 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልገዋል፤ ማብሰያውና መታጠቢያው ከዚህ ውጭ ነው። ስድስት ሰዎች አሥር ቀን ቢቀመጡ የሚጠጡት ብቻ 300 ሊትር፣ ማለትም 20 ሊትር የሚይዝ 15 ጀሪካን ይሆናል፤ ስለዚህ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ጀሪካኖቹን ቆጥረሽ አረጋግጪ፣ ሰዎቹ ቢስቁብሽም ግድ የለሽም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ እንደሚመዝን አትርሺ። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ሸክሙ ከሰውነቱ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ አንቺ 55 ኪሎ ከሆንሽ ይህ 11 ኪሎ ነው፤ ለአንድ ቀን ጉዞ 4 ሊትር ስትይዢ ለሌላው ዕቃ ሁሉ የሚተርፍልሽ 7 ኪሎ ብቻ ነው። መጽሐፍሽንና ያን ከባድ ብርድ ልብስ ከአሁኑ ተሰናበቻቸው።

ከወንዝ ወይም ከኩሬ የምትቀጂውን ውሃ የጠራ ቢመስልም ሳታክሚው አትጠጪ። ከደፈረሰ በንጹሕ ነጠላ አጥልይው፣ ከዚያም አፍዪው፤ እናንተ በምትሰፍሩበት ከፍታ እየተንፈቀፈቀ አንድ ደቂቃ ከፈላ ይበቃል። ማገዶ ለመቁጠብ ከፈለግሽ (በመጠለያው ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ለዝሆኖቹም ጥፋት ነው) የክሎሪን እንክብል ያዢ፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ሳትጠብቂ ግን አትጠጪው።

ስንቅን በተመለከተ እማዬ ከማንም በላይ ስለምታውቅ አላስረዝምም። በሶ እሳት ስለማይፈልግ ከሁሉ ይቀድማል፤ ጭኮ፣ ቆሎና ድርቆሽም ሳይበላሹ ይቆያሉ። ለውዙን እዚያው ባቢሌ ከተማ ግዢ፤ ከዚያ የሚሻል የለም። ቋንጣ ግን ጨውና በርበሬው ውሃ ስለሚያስጠማ ጥቂት ብቻ ይበቃሻል።

ለልብስ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ጥጥ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ እሾህ የማይበሳው ወፍራም ጫማና የአባዬ አንድ ሽርጥ ይኑርሽ። ሽርጥን እንደ ተራ ነገር አትዪው፤ ጥላ ነው፣ ፎጣ ነው፣ ማታ መደረቢያ ነው፣ ለተሰበረ ክንድም ማንጠልጠያ ይሆናል። ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ሥራው ካላስገደዳችሁ ጥላ ሥር ዋሉ።

የመድኃኒት ከረጢትሽ ውስጥ ኦ.አር.ኤስ. (ከሰውነት የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካው በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) አይታጣ። ቢያልቅ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጪ፤ ጨው ማብዛት ስለሚጎዳ በመገመት አታድርጊው። እሾህ ለማውጣት ወረንጦ፣ ለወባ ደግሞ አጎበር ያዢ፤ ከመሄድሽ በፊትም ስለ ወባ መከላከያ ሐኪም ጠይቂ። ጊንጥ ሊገባበት ስለሚችል ጠዋት ጫማሽን ሳታራግፊ አታጥልቂ። አምላክ አይበለውና እባብ የነደፈው ሰው ቢኖር ቁስሉ አይቆረጥ፣ አይመጠጥ፣ በገመድም አይታሰር፤ ቀለበቱንና ሰዓቱን አውልቃችሁ፣ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ ደግፋችሁ ወደ ሐረር ቶሎ አምጡት። የእባብ መርዝ ማርከሻ የት ሆስፒታል እንደሚገኝ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቃችሁ እወቁ።

ስለ ሰፈራው ደግሞ አጥብቄ የምልሽ አለ። አሸዋው ለስላሳ፣ ጥላውም መልካም ቢሆን በደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን አትትከሉ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ከደጋው ይዞት የመጣው ጎርፍ በከተማችን ያደረገውን አንቺም ታውቂያለሽ። የመጠለያው ወንዞች ኤረርና ጎቤሌም ውሃቸው ከደጋ ስለሚመጣ፣ ከራሳችሁ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ማለቱ ዋስትና አይሆናችሁም። ዝሆኖቹ ወደ ውሃ የሚወርዱበትን መንገድም ራቁለት፤ ስካውቱ (የመጠለያው ጠባቂ) «እዚህ አይሆንም» ካለ መሪያችሁ ዶክተርም ቢሆን የስካውቱ ቃል ይጽና። የበለስ ፍሬ ዝሆኖቹ ስለሚወዱት ድንኳን ውስጥ አታስገቢ። እኛ ከድብ ሸሽገን ምግባችንን ከድንኳን አርቀን ዛፍ ላይ እንደምንሰቅል፣ እናንተም ከጅብ ሸሽጋችሁ መኪና ውስጥ ቆልፉበት።

ስልክ በሸለቆው ውስጥ በየቦታው ስለማይሠራ ፊሽካ በአንገትሽ ይንጠልጠል፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መንፋት የእርዳታ ጥሪ መሆኑንም ከባልደረቦችሽ ጋር ተስማሙ። የምትሰፍሩባቸውን ቦታዎች፣ የሾፌሩን ስልክና የምትመለሱበትን ቀን በወረቀት ጽፈሽ ለእማዬ ተዪላት፤ ያ ቀን አልፎ ወሬሽ ካልተሰማ ለማን እንደሚደወልም በዚያው ላይ ይጻፍ።

የግንባር ባትሪና ትንሽ የውሃ ማጣሪያ ወደ ድሬዳዋ በሚመጣ የእኛ ሰው እጅ ልኬልሻለሁ። ሲደርስሽ ማጣሪያውን እቤት ሆነሽ በጀሪካን ውሃ ሞክሪው፣ ያልገባሽ ነገር ካለም ሳትወርጂ በፊት ደውዪልኝ።

የሚወድሽ ወንድምሽ