የታሪክ ክበብ፦ ግመል የተላከለት ንጉሥ

ዘንድሮ የታሪክ ክበባችን አየርላንድ ውሎ አየርላንድ አደረ። ለምን አየርላንድ? ዕጣ ነዋ! መማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የሌሉ ነገሥታትን ስም ጽፈን ኮፍያ ውስጥ ከተትን፤ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን ሰደደችና ሙርከርታህ ኦብራያንን አወጣች። ስሙን ለመጥራት ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

ሰውየው በደቡብ አየርላንድ ያለው የማንስተር ንጉሥ ነበር፣ በ1014 በክሎንታርፍ ጦርነት የተገደለው የዝነኛው የአየርላንድ ንጉሥ የብራያን ቦሩ የልጅ ልጅ ልጅ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በዘመኑ በአየርላንድ ጎልቶ የሚታየው የገዳማት ሥልጣን ነበር፤ ክህነት የሌለው ሰው እንኳ አበ ምኔትነትን ከዘመዱ ይወርስ ነበር። በእንግሊዝ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሰልም ስለ ጋብቻና ስለ ጳጳሳት ሹመት ለንጉሡ ደብዳቤ ጽፎ ወቅሷል። ንጉሡም በ1101 ካሼል ላይ ጉባኤ ጠራና የነገሥታት መቀመጫ የነበረውን አለት ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ። በ1111 ደግሞ ራህ ብሬሳል በተደረገው ጉባኤ አገሩ በሀገረ ስብከት ተከፋፈለ፤ ሊቃነ ጳጳሳቱም በሰሜን የአርማ ከተማ፣ በደቡብ የካሼል ሆኑ።

ክበቡ የተሰነጠቀው በዚህ አለት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ትንፍሽ ያላለ ልጅ ድንገት ተነሥቶ «ቲቸር፣ የራሱን ቤት ነው እንዴ የሰጠው?» አለ። እውነቱን ነው። ካሼል ለዘመናት የተቀናቃኞቹ የኦጋናክት ቤተሰብ መቀመጫ ነበር፤ የኦብራያኖቹ ቤት ኪንኮራ ነው። «ቢሆንስ? ሰጠ አይደል!» ብለው የጮኹም ነበሩ።

ሰውየው በዚያው በ1101 ወደ ሰሜን ዘምቶ የአይለክን ምሽግ አፈረሰ። ሰሜኖቹ ቀደም ሲል ኪንኮራን አፍርሰውበት ስለነበር፣ እያንዳንዱ ወታደር ለስንቅ በያዘው ከረጢት ልክ ከምሽጉ አንዳንድ ድንጋይ እንዲሸከም አዘዘ ይባላል። ልጆቼ ይህን ሰምተው ዝም ይላሉ? ለወላጆች ቀን በቦርሳቸው ድንጋይ ተሸክመው መጡ።

ግመሉን ልረሳው ነበር። በ1105 የስኮትላንድ ንጉሥ ግመል ላከለት፤ የአየርላንድ ዜና መዋዕል ግዝፈቱን አድንቆ መዝግቦታል። ግመል ሲያይ ያደገ አንድ አባላችን በዚህ መደነቅ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ንጉሡ በ1114 ክፉኛ ታሞ ሥልጣኑ ከእጁ ወጣ፣ በ1119 ሞተ። በመጨረሻው ስብሰባ «አለቱን የሰጠው ለእምነት ነው ወይስ ለፖለቲካ?» ብለን ድምፅ ሰጠን፣ እኩል ለእኩል ወጣ። እኔ በልቤ ከዚያ ዝምተኛ ልጅ ጋር ነበርኩ፣ ግን እጄን አላወጣሁም። ድንጋዮቹ እስካሁን በር ላይ ተቆልለዋል፤ ጋሽ ዘበኛው «አንሱልኝ» ካሉኝ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው።