ለሜላት አትራሪላት

ለልጄ፣

እንዴት ነሽ የኔ ዓለም? አክስትሽ ትናንት ማታ ደወለችልኝ። «ሦስት ቀን ሆናት እራት አልበላም ካለች፣ ክፍሏን ዘግታ ነው የምትውለው» አለችኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት የወንድ ነገር ነው፣ አልዋሽሽም። ከዚያ ፈተና ወድቃ ይሆናል አልኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። አንድ ሰው ድርሰትሽን አንብቦ «ይቺ ሜላት የምትባለው ሰው አይደለችም፣ ሜሪ ሱ ናት» ብሎ ጽፎልሽ ነው ለካ።

በድርሰት ተከፍቶ ጦሙን የሚያድር ሰው እኛ ቤት አልነበረም። አሁን ስልኩን አስቀምጪና ተነሺ፣ አክስትሽ ያስቀመጠችልሽን ብዪ። ደብዳቤው የትም አይሄድም።

በላሽ? እሺ።

ድርሰቱን የላከልኝ ወንድምሽ ነው። እንዳትቆጪው፣ እኔ ነኝ ያስገደድኩት። ስምንቱንም ክፍል ለማንበብ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፣ መነጽሬን ታውቂው የለ። ፍቅር እስከ መቃብር ላይ አዲስ ልጅ ጨምረሽ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት አስገብተሻታል። ነገሩ ፋን ፊክሽን ይባላል፣ እንደ ሜላት ያለችው፣ በሰው ታሪክ ላይ ከራስ ፈጥረው የሚጨምሯት፣ ደግሞ ኦሲ ትባላለች ብሎ ወንድምሽ አስረዳኝ። ደስ አለኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙትን መጽሐፍ የኔ ልጅ ቁጭ ብላ ስትቀጥልበት ማየት ለኔ ቀላል ነገር አይደለም። ወጥ ቤት ገብቼ ብቻዬን አለቀስኩ።

ግን ልጄ፣ ያ ሰውዬ ልክ ነው። አነጋገሩ ክፉ ነው፣ ነገሩ ልክ ነው።

ሜላት ቆንጆ ናት። ፈረስ ትጋልባለች። በቅኔ በዛብህን ታስከነዳዋለች። ጉዱ ካሳ ምክር ይጠይቃታል። ይባስ ብሎ ፊታውራሪ ይሰሟታል! የገዛ ልጃቸውን ልብ ያልሰሙ ሰው እኮ ናቸው። ለሰብለ የሚመጥን ዘር የለም እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ ልጅቷን ቤት ያስቀሩ ሰው፣ ከየት እንደመጣች የማትታወቅ ልጅ በሁለተኛው ክፍል «ጌታዬ፣ ገበሬውን አያስጨንቁት» ስትላቸው እሺ አሉ። እሳቸው እሺ ካሉ ገበሬው ለምን ይነሳባቸዋል? አንዷን ለማግነን ብለሽ ቤቱን በሙሉ አፈረስሽው።

ሜሪ ሱ የሚለው ስድብ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አውቄልሻለሁ። ፓውላ ስሚዝ የምትባል አሜሪካዊት በፈረንጆቹ 1973፣ ስታር ትሬክ የሚባለው የጠፈር ድራማ ወዳጆች ራሳቸው በሚያዘጋጁት መጽሔት ላይ አንዲት አጭር ቀልድ ጻፈች። ባለታሪኳ ሜሪ ሱ የምትባል ሌተና ናት፣ ዕድሜዋ አሥራ አምስት ዓመት ተኩል። ሁሉን ታውቃለች፣ ሁሉ ይወዳታል፣ በመጨረሻ ስትሞት ሁሉ ያለቅስላታል። የዚያን ጊዜ ጀማሪዎች እንደዚያ አድርገው ይጽፉ ስለነበር ነው የቀለደችባቸው። ስለዚህ ስህተቱ ባንቺ አልተጀመረም፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆነው ነገር ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ። እነግርሻለሁ፣ ቆይ።

አሁን አንድ ነገር ልበልሽ፣ ደጋግሜ እለዋለሁ፣ አይሰልችሽ። ለሜላት አትራሪላት።

ስምንት ክፍል ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተችም። አልዋሸችም፣ አልቀናችም፣ የሰው ዕቃ አልሰበረችም። አንድ ጊዜ ወይዘሮ ጥሩአይነት ሊቆጧት ሲሉ በሩ ተንኳኳና ነገሩ ተረሳ። ያ በር የተንኳኳው አንቺ ስለራራሽላት ነው። ይቆጧት! ትቆጣ፣ ታልቅስ፣ ከዚያ ንዴቷን ከሷ በምታንስ ልጅ ላይ ትወጣው። ያኔ አውቃታለሁ። ያኔ አዝንላታለሁ።

ደግሞ በዚያ ቤት ምኗ ናት? ይሄን የትም አልጻፍሽም። የድሃ ዘመድ ናት? ገረድ ናት? ወይስ በገንዘብ የመጣች? ባርነት በሕግ የቀረው በ1934 ነው፣ የመጽሐፉ ዘመን ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። ዘመድ ከሆነች የት ነው የምትተኛው፣ ከማን ጋር ነው የምትበላው? ገረድ ከሆነች ሌሊት ወፍጮ ላይ ነች። መጅ ስትገፋ ያደረች ልጅ እጇ ምን እንደሚመስል አይቼዋለሁ። መዳፏ ጠርዝ ላይ ቆዳው ይጠነክርና ቢጫ ይላል፣ ጉልበቷ ይጠቁራል፣ ጠዋት ስትነሳ ወገቧን ይዛ ነው። በዚያ እጅ የፈረስ ልጓም ከመያዟ በፊት ማን ፈቀደላት?

ቅኔውንም ተይው እያልኩሽ አይደለም። እዚሁ ጎጃም፣ ጽላሎ፣ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ነበሩ። ዓይነ ስውር ናቸው፣ ሴት ናቸው፣ ቅኔ ከአባታቸው ተምረው ኋላ ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን አስተማሩ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ግን አባትየው የቅኔ መምህር ነበሩ፣ ነገሩ ሥር አለው። የሜላት አባት ማነው? ከማን ሰማች? ወፍጮ ቤት ሆና የበዛብህንና የሰብለን ትምህርት በግድግዳ ቀዳዳ እየሰማች ግማሹን ብቻ፣ ያውም እያጣመመች ብትይዘው ኖሮ ነፍሴን በሰጠሁሽ። አንድ ቀን የተጣመመውን ሰው ፊት ትለዋለች፣ ይሳቅባታል። እባክሽ ይሳቅባት። አትራሪላት።

ሌላ። በሦስተኛው ክፍል በዛብህን «እናትህና አባትህ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውሃልና አይዞህ» ትለዋለች። ስለቱን ማን ነገራት? የምናውቀው እኔና አንቺ ነን፣ መጽሐፉን ስላነበብን። እሷ አላነበበችውም! ሰው የሚያውቀው ያየውንና የሰማውን ነው፣ ብዙ ጊዜም ተሳስቶ ነው የሚያውቀው። ደብተርሽ ላይ ለሷ ብቻ አንድ ገጽ ክፈቺ። ምን አየች፣ ምን ሰማች፣ ምኑን ተሳሳተች ብለሽ ጻፊ።

ስሟም እንደዚሁ። ሜላት ዛሬ ያምራል። ያኔ ግን ስም ወሬ አለው፣ ልጅ የሞተበት ምትኬ ይላል፣ ማስረሻ ይላል፣ ካሳ ይላል። ስሟን ስትሰሚ ከሷ በፊት ማን እንደሞተ ታውቂያለሽ። በይ አስቢበት፣ እኔ አላወጣልሽም።

የዓይን ሐኪም ቀጠሮሽ ማክሰኞ ነው። ቀርቼ ነበር እንዳትይኝ። በጨለማ ስልክ ላይ ስትጽፊ ያመጣሽው ነው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ አይጻፍም፣ ጨረስኩ።

አሁን የኔን ልንገርሽ።

መጽሐፉን ያወቅሁት በሬዲዮ ነው፣ ማንበብ ሳልችል። ወጋየሁ ንጋቱ ሲያነበው አያትሽ ሳሎን የጎረቤት ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፣ ቡናው ይፈላል፣ እኔ ከሬዲዮኑ ሥር ነኝ። ትንሽ ከፍ ስል እኔም እንዳንቺ ደብተር ገዛሁና እዚያ ቤት አንዲት ልጅ አስገባሁ። ስሟ የኔ ስም ነው፣ ጸጉሯ ብቻ ከኔ ይረዝማል። ሰብለን ታማክራለች፣ በዛብህን ታስጥለዋለች። ሜላትን ሳነብ ያቺ ነች የመጣችብኝ፣ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ።

አያትሽ ቤት የነበረችውን ልጅ ታውቂያታለሽ? አታውቂያትም። ፎቶዋን ግን ስታዪው ነው ያደግሽው። አጎትሽ ሕፃን ሆኖ ታዝሎ የተነሳው ፎቶ አለ አይደል? ሁላችንም «የአጎትሽ ፎቶ» የምንለው። ያዘለችው እሷ ናት። ፊቷ ግማሹ ተቆርጧል፣ ፎቶ አንሺው ሕፃኑን ነው ያየው።

ከገጠር መጥታ አምስት ዓመት እኛ ጋ ኖረች። ከኔ ብትበልጥ ሁለት ዓመት ነው። ሬዲዮው ሲጀምር ከወጥ ቤት መጥታ በሩ ጋ ትቆማለች፣ ግቢ የሚላት የለም፣ ሂጂም የሚላት የለም። ሰብለ ከአባቷ ቤት የጠፋች ዕለት ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነው። እናቴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ያቺ ልጅ ከበሩ በኩል ቀስ ብላ፣ «ነገ ገረዶቹን ምን ያደርጓቸው ይሆን?» አለች።

እናቴ «ዝም በይ፣ ስሚበት» አሏት። ዝም አለች።

እኔም አላሰብኩበትም። ኋላም ደብተሬን አውጥቼ ያቺን ረጅም ጸጉር ያላትን ልጅ በፈረስ አስቀመጥኳት። ያ ሁሉ ሰው በሰብለ ሲያለቅስ ገረዶቹን ያሰበች አንዲት ልጅ ነበረች፣ እኛው በር ላይ፣ እጇ ላይ ሊጥ ደርቆ። የምትፈራው ነገር ነበራት፣ የምታውቀው ነገር ነበራት፣ ማንም ያላየውን ታይ ነበር። እኔ እቤቴ ሰው እያለልኝ የሌለ ሰው እፈጥር ነበር።

አንድ መስከረም አባቷ መጡና ልትዳር ነው ብለው ወሰዷት። እናቴ የልብሷን ጥቅል እንድሰጣት ላኩኝ። እያነበብኩ ነበር። «ብርድ ልብሱ ላይ አለልሽ» አልኳት፣ ቀና ሳልል። አንስታ ሄደች። እስከዛሬ የሀገሯን ስም አላውቀውም ልጄ። ልጠይቅ ብል የሚያውቅ ሰው አልቋል፣ እናቴም ከመሞታቸው በፊት አላስታወሱትም። ደብተሩን በኋላ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፣ ያ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ያቺ ቀን ነው፣ ቀና ያላልኩባት።

ምክር ልጽፍልሽ ተቀምጬ የራሴን አመጣሁ፣ ይቅር በዪኝ። ቡናዬም ቀዘቀዘ።

ስምንቱን ክፍል እንዳታጠፊው። ሰማሽኝ? እልህ ይዞሽ አንድ ነገር እንዳታደርጊ፣ ያባትሽን እልህ አውቀዋለሁ። ለሰውዬው መልስ አትጻፊ፣ ወይም «አመሰግናለሁ» በይና ዝጊው። ከዚያ ዘጠነኛውን ጀምሪ። ሰባተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ሜላት ማሰሮ ተሸክማ ወንዝ ስትወርድ እግሯን እሾህ ወግቷት ማንም ሳያያት የተቀመጠችበት አለ፣ አራት መስመር ናት። እዚያ ሰው ናት። እዚያ ያቺን ልጅ አየኋት። አንቺ ግን ወዲያው በዛብህን አምጥተሽ እሾሁን አስወጣሽላት። ለምን? ራሷ ታውጣው፣ ካልወጣላትም ይመርቅዝ። ስታነክስ ትሰንብት፣ ለምን ታነክሻለሽ ተብላ ትዋሽ። አንቺን ነው መራራት ያለብኝ እኔ፣ ላንቺ በሶ እልካለሁ፣ ላንቺ ጋቢ እልካለሁ፣ እንቅልፍ ስታጪ እንቅልፍ አጣለሁ። ለሜላት ግን አትራሪላት።

በሶውን ከማርቆስ በሚነሳው አውቶቡስ ነገ እልካለሁ። ሾፌሩ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል፣ ስልክሽን ክፍት አድርጊ። ጋቢው ለአክስትሽ ነው፣ ያንቺ በጥምቀት ይደርሳል። ፎቶውን በላስቲክ ጠቅልዬ በበሶው ዕቃ ክዳን ሥር አድርጌዋለሁ፣ ዱቄቱን ከማፍሰስሽ በፊት አውጪው፣ በእርጥብ እጅ እንዳትነኪው። ዘጠነኛውን ስትጽፊ ፊት ለፊትሽ አስቀምጪው። በግራ በኩል ያለችው ናት።

እናትሽ