ስልክ ላይ ያልጨረስነው ወሬ

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ?

ትናንት ማታ ደውለሽ «እማ፣ ያ ነገር ተመለሰብኝ» ስትዪኝ አባትሽ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነበር። «ምኑ ነው የተመለሰው?» አለኝ። ምን ልበለው? «ዕቃ ነው፣ የገዛችው ዕቃ አልሆናትም፣ ልትመልሰው ነው» አልኩት። እሱም ደረሰኝ ካላት ይቀበሏታል ብሎ ወደ ዜናው ዞረ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሳቄም መጣ፣ ተናደድኩም። የተናደድኩት በራሴ ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ ይሄን ሁሉ ልጅ ወልጄ፣ ስለ ገዛ ገላችን ለማውራት ዕቃ እያልኩ እደብቃለሁ። አንቺም ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ነበር የምታወሪው። ያንን ሹክሹክታ ከኔ ነው የተማርሽው። ስለዚህ ይኸው ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው።

በስሙ ልጥራው፤ የብልት ፈንገስ ነው። ሐኪሞቹ ካንዲዳ ይሉታል። የእርሾ ዓይነት ፈንገስ ነው፣ ከሰው ገላ ጋር የሚኖር። ብዙ ሴቶች ምንም ሳይሰማቸው ይዘውት ይዞራሉ። ከሽንት ቤት አልያዝሽውም፣ ቆሻሻ ስለሆንሽም አልመጣብሽም። ከ4 ሴቶች 3ቱ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል፤ አይናገሩትም እንጂ። ብልት ውስጥ ደግሞ የራሳችን ጥሩ ባክቴሪያዎች አሉ። አሲድ እያመረቱ ሌላው እንዳይበዛ ይጠብቃሉ። እነሱ ሲመናመኑ ፈንገሱ ሜዳው ለኔ ነው ይላል። አንቺን መጀመሪያ የያዘሽ መቼ እንደነበር ታስታውሻለሽ? ለቶንሲልሽ አንቲባዮቲክ በዋጥሽ ሳምንት ነው። አንቲባዮቲክ ጉሮሮሽን ያመመውን ባክቴሪያ ሲገድል እነዚህንም አብሮ ይጠርጋል። ፈንገሱን ግን አይነካውም።

አንድ ጊዜ ሲይዝ ቀላል ነው። አንቺ ግን በዚህ ዓመት ሦስተኛሽ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲመጣ ሐኪሞች ተደጋጋሚ ይሉታል፣ አያያዙም ይለያል። እንደ በፊቱ ፋርማሲ ጎራ ብለሽ ያንኑ ክሬም ገዝተሽ መመለስ እዚህ ላይ ያብቃ። ለምን እንደምል የራሴን ልንገርሽ፤ ነግሬሽ አላውቅም።

ታናሽ ወንድምሽን ከወለድኩ በኋላ ነው። ማሳከክ ጀመረኝ። ለማንም ሳልናገር ክሬም ገዝቼ ቀባሁና ተወኝ። ከወር በኋላ ተመለሰ። ያኔ «ንጽሕናዬን አልጠበቅኩም ማለት ነው» ብዬ ደመደምኩና መታጠብ ያዝኩ። መታጠብ ስልሽ ግን እንዳይመስልሽ! ጠዋት ማታ፣ በሙቅ ውሃ፣ ሽታው ከሩቅ በሚጣራ ሳሙና፣ ውስጡንም ጭምር። አንዳንድ ቀን የቁስል ማጠቢያ ጠብ አደርግበት ነበር። ባሳከከኝ ቁጥር ታጠብኩ፣ በታጠብኩ ቁጥር አሳከከኝ። አንድ ፋርማሲ ደግሞ ሌላ ክሬም ሰጡኝና በአንድ ቀን ጸጥ አደረገልኝ፣ ተአምር መሰለኝ። ሳቆመው እጥፍ ሆኖ መጣ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ክሬሙ ከፈንገስ መድኃኒቱ ጋር የተቀላቀለ ስቴሮይድ ነበረው። ስቴሮይድ ማሳከኩን ያስታግሳል፣ ግን ችግሩን ይሸፍነዋል፣ ብዙ ሲቀቡት ደግሞ ቆዳ ያሳሳል። እንዲህ ስል ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ናሙና ወስዳ በማይክሮስኮፕ አየችና «ፈንገስ የለሽም» አለችኝ። ቆዳዬን ነው የላጥኩት፣ በሳሙና። መጀመሪያ ላይ ፈንገስ ይሁን አይሁን እንግዲህ አንድዬ ያውቃል።

ሞኝ እኔ ብቻ አይደለሁም መሰለሽ። ፈንገስ ነው ብለው መድኃኒት በራሳቸው የገዙ ሴቶችን በመረመረ አንድ ጥናት ላይ ፈንገስ ብቻ የተገኘባቸው ከሦስት አንዷ ናቸው። የቀሩት ወይ ሌላ ነገር ነው ያለባቸው፣ ወይ ተደርቦባቸዋል፣ ወይ ምንም የለባቸውም።

መለያውን በግርድፉ ልንገርሽ፣ ግን በዚህ ተማምነሽ ራስሽን እንዳታክሚ። ፈንገስ ሲሆን ዋናው ማሳከክ ነው፣ እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ። ፈሳሹ ነጭና ወፈር ያለ፣ እንደ አይብ የተቆራረሰ ይሆናል፣ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ሽንት ሲነካው ያቃጥላል፣ ግንኙነት ሲደረግ ያምማል። ፈሳሹ ቀጠን ብሎ ግራጫ ከሆነና ዓሣ ዓሣ ከሸተተ ግን የባክቴሪያ መዛባት ነው፤ የፈንገስ ክሬም ቢቀቡት ቢውሉ አይሰማም፣ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሰል ሆኖ አረፋ ካለው ትሪኮሞናስ የሚባለው ሊሆን ይችላል። እሱ የአባላዘር በሽታ ነው፣ ባልም አብሮ ይታከማል። ሁሉም ደግሞ እንዲህ ጥርት ብሎ አይመጣም፣ ችግሩም እሱ ነው። ትኩሳት ካለሽ፣ ከእምብርትሽ በታች ካመመሽ፣ ቁስል ወይም ውሃ የቋጠረ ነገር ካየሽ ግን ነገ ከነገ ወዲያ አትበዪ፣ የዚያኑ ቀን ሂጂ።

አሁን ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይሄን ያዢልኝ፦ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ እያሳከከሽ ሳለ ሂጂ፣ ክሬም ሳትቀቢ ሂጂ። አሻሽለሽው ከሄድሽ ምን ያያሉ? ሲያዩሽም «በዚህ ዓመት ሦስተኛዬ ነው» በያቸው፣ ይሄን ቃል አትርሺው። በዓይን ብቻ አይተው መድኃኒት ሊጽፉልሽ ከሆነ ናሙና ይወሰድልኝ በዪ። በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ከተቻለ ደግሞ ካልቸር ይሠራል፣ ማለትም ፈንገሱን አሳድገው ዓይነቱን ይለዩታል። ዓይነቱ ለምን ያስፈልጋል ካልሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንዲዳ አልቢካንስ የሚባለው ነው፣ እሱ የተለመደውን መድኃኒት ይሰማል። ግላብራታ የሚባል ዘመድ አለው፣ እሱ ግን ግትር ነው፤ ለሌላው በቂ የሆነው ኪኒን ለሱ ብዙም አይሠራም። እና ሴትየዋ ስድስት ጊዜ ያንኑ ኪኒን እየዋጠች ለምን አልዳንኩም ትላለች።

ስኳርሽንም ይለኩልሽ። ያልታወቀ ወይም በደንብ ያልተያዘ የስኳር በሽታ አንዱ የመመላለሻ ምክንያት ነው፣ በቤተሰባችን ደግሞ እንዳለ ታውቂያለሽ። የኤችአይቪ ምርመራ ቢሉሽም ቅር አይበልሽ፤ በሽታ መከላከል ሲደክም ፈንገስ ይበዛልና ነው የሚጠይቁት። እርግዝና ካለም ንገሪያቸው። (የልጅ ልጅ አምሮኝ እንዳይመስልሽ የምጠይቅሽ። አምሮኛል፣ ግን ለሱ አይደለም።) በእርግዝና ጊዜ ፈንገስ ይበረታል፣ የሚዋጠው የፈንገስ ኪኒን፣ ፍሉኮናዞል፣ ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ለሷ የሚሰጠው ብልት ውስጥ የሚገባው መድኃኒት ነው፣ ለ7 ቀን።

ስለ መድኃኒቱ። ለአንድ ጊዜ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ወይ 150 ሚሊግራም ፍሉኮናዞል አንዲት ፍሬ ነው፣ ወይ እንደ ክሎትሪማዞል ያለ ክሬም ወይም ብልት ውስጥ የሚገባ ኪኒን። ለተደጋጋሚው ግን ይረዝማል። የተለመደው አካሄድ መጀመሪያ በየሦስት ቀኑ አንድ አንድ ፍሬ፣ በድምሩ ሦስት፣ ማለትም በ1ኛው፣ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ፍሬ ለ6 ወር ነው። ስድስት ወር ሲሉሽ አትደንግጪ። መጀመሪያ ያለውን እሳት ማጥፋት ነው፣ ከዚያ ረመጡ እንዳይነሳ መጠበቅ። ይሄን የጻፍኩልሽ ሐኪሟ ስታዝልሽ እንግዳ እንዳይሆንብሽ እንጂ በራስሽ ገዝተሽ እንድትጀምሪው አይደለም። ኪኒኑ ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጋጫል፤ ለምሳሌ ከደም ማቅጠኛው ከዋርፋሪን ጋር። ጉበት ለታመመም ጥንቃቄ አለው። ማሳከኩ ስለተወሽ ብለሽም መሃል ላይ እንዳታቋርጪው፣ አውቅሻለሁ፣ የቶንሲሉንም ሦስት ፍሬ አስተርፈሻል።

እውነቱን ልንገርሽ ደግሞ። ስድስት ወሩን ጨርሰው ካቆሙት ውስጥ ግማሽ ያህሉን መልሶ ይይዛቸዋል። ከያዘሽ አንቺ አላጠፋሽም፣ ተመልሰሽ ትሄጃለሽ፣ እንደገና ይታያል። ያ ግትሩ ዓይነት ከተገኘብሽ ደግሞ ቦሪክ አሲድ በካፕሱል ሊያዝዙልሽ ይችላሉ። ብልት ውስጥ የሚገባ ነው። ቢዋጥ መርዝ ነው! በእርግዝናም አይሆንም። ቤት ውስጥ ከሌላ ኪኒን ጋር አታስቀምጪው።

መታጠቡን በተመለከተ ከኔ ተማሪ። ውስጡ ራሱን ያጸዳል፣ አትንኪው። ውጩን በንጹሕ ውሃ፣ ቢበዛ ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና። ለብልት ተብሎ የሚሸጥ ሽቶና ስፕሬይ፣ ሽታ ያለው ሞዴስ፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ ሁሉም ይቅር። ከሽንት ቤት ስትነሺ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጊ። ፓንትሽ የጥጥ ይሁን፣ ያን ቀኑን ሙሉ የምትውዪበትን ታይት ቀነስ አድርጊው፣ ስፖርት ሠርተሽ ወይ ዋኝተሽ እርጥቡን ልብስ ለብሰሽ አትቀመጪ። ማታ ያለ ፓንት ብትተኚም ማንም አያይሽም። እነዚህ ሙቀትና እርጥበት ይቀንሳሉ፣ ቆዳሽንም ያሳርፋሉ፤ ብቻቸውን ግን ፈንገሱን አያጠፉትም። የጥጥ ፓንት እያደረግኩ ለምን ተመለሰ ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ።

ጓደኞችሽ ነጭ ሽንኩርት አስገቢበት ይሉሻል። እንዳታደርጊው፣ ያቃጥልሻል። እርጎም እንደዚያው፤ ከፈለግሽ ብዪው፣ አትቀቢው። ፕሮባዮቲክ የሚባለው፣ ጥሩ ባክቴሪያ የያዘው ኪኒንም ለዚህ መሥራቱ በደንብ አልተረጋገጠም፣ ገንዘብሽን አስቢ። ጣፋጭ ስላበዛሽ ነው የሚሉሽም አሉ። የስኳር በሽታ ለሌለበት ሰው ያን ያህል ማስረጃ የለውም፣ ግን ብትቀንሺ አልጠላም።

ስለ ባልሽ። ይሄ የአባላዘር በሽታ ተብሎ አይቆጠርም። እሱ አላመጣብሽም፣ አንቺም በሌላ መንገድ አላመጣሽውም። እሱን ካላሳከከው ወይ ካልቀላበት በቀር መድኃኒት አያስፈልገውም። ይሄን ለሱም አንብቢለት፣ የማያውቅ ሰው ነገሩን ወደ ጥርጣሬ ሊወስደው ይችላል፣ ስንት ቤት በዚህ እንደተኳረፈ ባወራሁልሽ። እስኪሻልሽ ግንኙነት ካመመሽ አመመኝ በዪ፣ ችለሽ አትለፊው። ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ልብ በዪ፤ ብልት ውስጥ የሚገቡት ክሬሞች ብዙዎቹ ቅባት አላቸው፣ ላቴክሱን ያላሉታል፣ ሊቀደድ ይችላል።

ሌላው፣ አንድ ወረቀት ላይ ወይ ስልክሽ ላይ ቀን መዝግቢ። የወር አበባሽ መቼ መጣ፣ ማሳከኩ መቼ ጀመረ፣ ምን መድኃኒት ወሰድሽ። ብዙዎችን የወር አበባ ሊመጣ ሲል ባለው ሳምንት ነው የሚብስባቸው። ሐኪሟ ይሄን ስታይ ከአፍሽ ከምትሰማው የበለጠ ይገባታል። አንቲባዮቲክ ሲያዝዙልሽም «ሁልጊዜ ፈንገስ ያመጣብኛል» በዪ፤ የሚከላከል ነገር አብረው ሊሰጡሽ ይችላሉ። ለጉንፋን ብለሽ በራስሽ መዋጡን ደግሞ ተዪው፤ ጉንፋን በቫይረስ ነው የሚመጣው፣ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርግለትም፣ ላንቺ ግን ይሄን ያመጣብሻል።

ይሄን ስጽፍ አባትሽ ሻይ ይዞልኝ መጣና «ዕቃውን ተቀበሏት?» አለኝ። ልዋሽ ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ «ዕቃ አይደለም፣ ፈንገስ ነው፣ የብልት ፈንገስ፣ ሦስተኛዋ ነው» አልኩት። ዝም አለ ትንሽ። «እና ሐኪም አላያትም?» አለኝ።

አላያትም አልኩት። ሰኞ ሂጂ።

እናትሽ