ምላጩስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

እኛ ጎጃም ወንድ ልጅ በተወለደ በ8ኛው ቀን ይገረዛል። ልማዱን አልነቅፍም። የሚያንገበግበኝ ምላጩ ነው። በእኛ መንደር ገራዡ ከኪሱ ያወጣዋል፣ በጋቢው ጫፍ ጠረግ ያደርገዋል፣ ከዚያ ሕፃኑን ይቀበላል። ቴታነስ የሚገባው እኮ በዚችው ቁስል ነው! ደሙ አልቆም ቢልስ?

ግርዛት ጥቅም አለው። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ በአዋቂ ወንዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ወንዱ ከሴት በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የወሲብ ስሜት ይቀንሳል የሚባለውም በኬንያና በኡጋንዳዎቹ አልታየም። ኮንዶምን ግን አይተካም፤ «ተገርዣለሁ» ብለው የሚዘናጉ ጎረምሶች ያሳስቡኛል።

ጤና ጣቢያዎቻችን ሕፃናቱን በ8ኛው ቀን ተቀብለው ይግረዙልን። ገራዦቹንም ያሠልጥኑልን።

አንድ አባት፣ ከደጀን