ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፦ ስለ ግቢያችን ምንጣሮና ስለ ጳጉሜን ጉዞ

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ጾሙን ለጾማችሁ እንኳን ለፍልሰታ ፍቺ በሰላም አደረሳችሁ። የአዲሱ ዓመት ምዝገባ በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ይጀመራል፤ የልጆቻችሁን የዘንድሮ ካርድ ይዛችሁ ኑ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለው መሬት ጫካ ሆኗል። ቀጋው፣ ሳማውና ኮሸሽላው መግቢያ መውጫ አሳጥቶናል። ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል። ሴት ልጆቻችን እባብ ፈርተው ሽንታቸውን ይዘው ይውላሉ። በደቦ እንመንጥረው ብለን የጠራናችሁ ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን የመጣው ወላጅ ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። ለመጣችሁት እግዚአብሔር ይስጥልን። ላልመጣችሁት በአክብሮት የምለው አለኝ።

ወቅቱ የአረም ጊዜ ነው እንደምትሉ አውቃለሁ። ገብሱም ባቄላውም እጅ ይፈልጋል። የጠየቅነው እኮ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ነው፤ ያውም ለግማሽ ቀን። ማክሰኞና ሐሙስ ያደረግነው ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ስለሆነ ነው። የወር በዓል ከገጠመ በማግስቱ ይሆናል። ከዚህ በላይ እንዴት ላመቻች?

«ለምን በበጋ አይሆንም?» ትሉኝ ይሆናል። ቀጋ ከላይ ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከነሥሩ መነቀል አለበት። አሁን አፈሩ ርሷል፣ ዶማ ያስገባል። ጥር ላይ ያ መሬት ድንጋይ ነው። አረሙም ዛሬ ካልታጨደ መስከረምና ጥቅምት ላይ ዘሩን ያራግፋል፤ ከርሞ ሥራው እጥፍ ይሆንብናል። ይህን ለገበሬ ማስረዳት አልነበረብኝም። ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

መድኃኒት ይረጭበት ያላችሁም አላችሁ። አይረጭም። ከመሬቱ ግርጌ ምንጭ አለ። ልጆቻችሁ ከዚያ ይጠጣሉ፤ ከብቶቻችሁም እንዲሁ።

«ሣሩን ማን ሊወስደው ነው?» የሚለው ወሬም ጆሮዬ ደርሷል። ያጨደ ይወስደዋል። ትምህርት ቤቱ አንድ ሸክም አይሸጥም። ይህን በስብሰባ ተናግሬያለሁ፣ እዚህም ጽፌዋለሁ። የጽድ፣ የወይራና የኮሶ ችግኞችን ግን ማንም እንዳይነካ፤ ቀይ ጨርቅ አስረንባቸዋል።

«ልጄን ለጉልበት ሥራ አልላክሁትም» የሚለውን አከብራለሁ። ገጀራና መጥረቢያ ልጅ እጅ አይገባም። ማጭድ የሚይዙት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም መምህር አጠገባቸው ቆሞ። ትናንሾቹ የታጨደውን ይሰበስባሉ። እቤት ሲውሉ ከዚህ የከበደ እንደሚሠሩ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ሥራው ሲያልቅ ጳጉሜን 1 ቀን ተማሪዎቹን በእግር ወደ አንኮበር ቤተ መንግሥት ኮረብታ እንወስዳቸዋለን። እዚህም ላይ ቅሬታ ተነሥቷል። አንዳንዶቻችሁ «ሽርሽር ምን ያደርግላቸዋል?» ብላችኋል። ይህ ነገር ከልብ ያሳዝነኛል። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት መናገሻቸው እዚህ ነበር። ከዚያ በፊትም የአያታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ ነው። ሰው ከባሕር ማዶ ተነሥቶ ሊያየው ይመጣል። የእኛ ልጆች በየቀኑ ከሩቅ እያዩት ሳይወጡት 8ኛ ክፍል ይጨርሳሉ! ሰማዩ ከጠራ ከኮረብታው አናት ሆነው ወደ አዋሽ የሚወርደውን ቆላ ቁልቁል ያያሉ። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ «ስምጥ ሸለቆ» እያለ የሚሥለውን በዓይናቸው ያያሉ ማለት ነው። በአንኮበር ስም የምትጠራ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ ትንሽ ወፍ አለች። ስንቱ ልጅ ያውቃታል? እኔ የጠየቅኋቸው አያውቋትም። ጭላዳ ዝንጀሮንም ቢሆን የሚያውቁት እህል ሲያበላሽ በድንጋይ ሲያባርሩት ነው።

ገንዘብ አንሰበስብም። መኪና የለም፣ የመግቢያ መዋጮ የለም። ቆሎና ዳቦ፣ ውኃ፣ ነጠላ ጫማ ያልሆነ ጫማ፣ ለዝናብ የሚሆን ላስቲክ ይበቃል። የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን ከቀትር በፊት ቁልቁል እንጀምራለን። ጭጋግ ከወረደ ወይም ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ ጉዞው ለማግስቱ ይተላለፋል። ገደሉ አሳስቧችሁ ከሆነ ልክ ናችሁ፤ እኔንም ያሳስበኛል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ወላጆች አብረውን እንዲወጡ እንፈልጋለን። እስካሁን ፈቃደኛ የሆኑት እናቶች ብቻ ናቸው። አባቶችስ?

ለደቦው ያልመጣ ወላጅ ልጅ ከጉዞው ይቀራል የሚባለው ሐሰት ነው። ልጅ በወላጁ አይቀጣም።

ቀጣዩ ደቦ የፊታችን ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ማጭድ ወይም ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሌላችሁ ባዶ እጃችሁን ኑ፣ ከትምህርት ቤቱ ይሰጣችኋል። የጉዞ ፈቃዱን ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ ፈርማችሁ እስከ ነሐሴ 28 ላኩልኝ። መፈረም የማትችሉ በጣት አሻራ ይሁን። ቅሬታ ያለው ወላጅ ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ይምጣ፤ እባካችሁ ጉዳዩን በገበያ ቀን መንገድ ላይ አታንሡብኝ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር