በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረች መስመር

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የጦሳ ብርድ ዘንድሮ በርትቷል ብላ እማዬ በስልክ ነግራኛለች፤ ጋቢዎን አይጣሉ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዐይንዎ ካስቸገረዎት ታናሼ ጮክ ብላ ታንብብልዎት፤ ቁጥሮቹ ጋ ስትደርስ ግን እንዳትዘል፣ አንድ በአንድ ትጥራልዎት።

አባዬ፣ በስልክ ልነግርዎት ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሬ አቃተኝ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። የኮምፒውተሩን ድራይቭ፣ ያን ዲስክ የሚያነበውን ዕቃ፣ እርስዎ አልሰበሩትም። በ1985 ዓ.ም. ክረምት ከፍተው ያጸዱት ዕለት በእጅዎ የጠፋ ነገር የለም። ይህን የምለው ላጽናናዎት ብዬ አይደለም። ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ ማስረጃም አለኝ።

አስቀድሜ ግን ይቅርታ ልጠይቅዎት። ባለፈው ዒድ መጥቼ ስመለስ ከአልጋው ሥር ካለው የብረት ሣጥን ኮምፒውተሩን፣ ድራይቩንና ሦስቱን ፍሎፒ ዲስኮች ሳላስፈቅድዎት ይዤ ሄጃለሁ። እማዬን አይቆጧት፤ ቁልፉን የሰጠችኝ እግሯ ላይ ወድቄ ለምኛት ነው። ኮምፒውተሩን ሻንጣ ውስጥ አደረግኩት። ድራይቩን ግን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤ ሐረጎን ወረድን፤ ከሚሴን፣ ሸዋሮቢትን አልፈን ጣርማበርን እስክንወጣ፣ ከዚያም አዲስ አበባ እስክንገባ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ መሬት አላስነካሁትም።

በ77ቱ ድርቅ ለእርዳታ ከመጡት አንዱ የሆነው ጀርመናዊ፣ የመገናኛ ሬዲዮውን ስለጠገኑለት አገሩ ሲመለስ ኮሞዶር 64 ኮምፒውተሩን 1541 ከሚባለው ድራይቩ ጋር ትቶልዎት እንደሄደ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ፒያሳ ያለችውን ሱቅ ዘግተው ሲገቡ፣ እራት ተበልቶ ቡናው ሲቀርብ፣ ማሽኑን ከቴሌቪዥኑ ጋር ያያይዙና እኔን አጠገብዎ በርጩማ ላይ ያስቀምጡኛል። እጣኑ ይጨሳል፤ እርስዎ ባለ ካሬ ደብተር ጉልበትዎ ላይ ዘርግተው በእርሳስ ካሬ ያጠቁራሉ።

ማሽኑ አማርኛ አያውቅም ነበር። የሚያውቀው 256 ምልክት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት ደግሞ ስምንት በስምንት የሆነ የነጥብ ሰሌዳ። እርስዎ 33ቱን ፊደል በሰባት አባዙና 231 ሲወጣዎት «ይበቃል! ሃያ አምስት ይተርፈናል!» ብለው ከመቀመጫዎ መነሳትዎ ትዝ ይለኛል። በተረፈው አሥሩን ቁጥሮች፣ ባዶ ቦታውን፣ አራት ነጥቡን፣ ነጠላ ሰረዙንና ሌሎች ምልክቶችን አስገቡ። ሏ እና ሟ ቦታ ሲያጡ ግን ሲያዝኑ አይቻለሁ።

መደመር የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም፣ እዚያ በርጩማ ላይ ነው። ካሬዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ናቸው፤ «የጠቆሩትን ደምሪና ንገሪኝ» ይሉኛል። በ አናቱ 126 ነው፤ ከዚያ ስድስት ጊዜ 66፣ ከሥር ዜሮ። ከመካከለኞቹ አንዱን 66 ወደ 67 ስንለውጠው በ ቡ ሆነ! የታችኛውን ስንለውጠው ደግሞ ቢ። ሰባቱን ቤት ብዙ ልጅ በዜማ ነው የተማረው፤ እኔ አንዲት ነጥብ ወዴት እንደተቀመጠች እያየሁ ነው። ዛሬ በዚሁ ሙያ እንጀራ የምበላው ከዚያ በርጩማ ተነሥቼ ነው፣ አባዬ። ነግሬዎት ስለማላውቅ አሁን ይወቁልኝ።

ፊደሎቹን ወደ ማያው የምታመጣዋን ትእዛዝ፣ ፖክ 53272ን፣ እንደ ስልክ ቁጥር በቃልዎ ይዘዋት ነበር። የሱቁን የጥገና መዝገብ በአማርኛ ሊያደርጉ ነበር ሐሳብዎ። ያ ክረምት መጣ። ድራይቩን ከፍተው ጠርገው ዘግተው ዲስኩን ሲያስገቡ ያ ድምፅ ወጣ፦ ጠጠጠጠጠጥ። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም አለ፤ ፊደሉ አልመጣም። ደጋግመው ሞከሩ። ከዚያ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «በእጄ ገደልኩት» አሉ። ማሽኑ ሣጥን ገባ። የደሴን ሬዲዮ ሁሉ ያዳነ እጅ ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ሲያመጡለት «እሱን እኔ አልነካም» ማለት ጀመረ። እኔን ሲያንገበግበኝ የኖረው ይህ ነው።

አሁን ያየሁትን ልንገርዎት። ፍሎፒ ዲስኩ ላይ ጽሑፉ የሚቀመጠው በ35 ቀለበት ነው፤ አንዱ ከሌላው የሚርቀው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንደ ቴፕ ሄድ ያለችው ማንበቢያ ከቀለበት ቀለበት የምትሄደው በትንንሽ እርምጃ በሚዞር ስቴፐር ሞተር እየተገፋች ነው። ይህ ድራይቭ ታዲያ ማንበቢያዋ የቱ ቀለበት ላይ እንዳለች የሚነግረው መጠቆሚያ የለውም። መንገድ ሲጠፋው ወደ ዳር ይመልሳትና ማቆሚያ ብረቱ ላይ እስክትንኳኳ ይገፋታል፤ ከዚያ «ዳር ደርሻለሁ» ብሎ ከአንድ ይቆጥራል። ጠጠጠጠጥ ያለው እሱ ነው። ማየት የማይችል ሰው ግድግዳ ዳስሶ በሩን እንደሚፈልገው ማለት ነው። ያ ድምፅ መጀመሪያውኑ የስብራት ድምፅ አልነበረም።

ላለማንበቡ ምክንያቱ የሞተሩ ዘንግ ላይ ተጠርቅማ የገባችው ትንሽ መዘውር ናት። ከዓመታት ሥራና ሙቀት በኋላ ጥቂት ተንሸራታለች፤ ስለዚህ ማንበቢያዋ ቀለበቱ ላይ ሳይሆን በሁለት ቀለበቶች መሐል ትቆማለች። ያስታውሱ እንደሆነ፣ ድራይቩን ያኔ የከፈቱት ለምን ነበር? ዲስኩን ሦስት አራት ጊዜ ካልሞከረ አላነብ ስላለ አይደል? ሰው ሐኪም ቤት ስለገባ ታመመ አይባልም።

ማስረጃው ይኸውና። ሞተሩን የያዙትን ሁለት ቪቶች በመብራት ሳያቸው እጄ ቀጥ አለ። በእያንዳንዱ ቪት አናት ላይ ተነሥታ ወደ ብረቱ የምትሻገር ቀጭን ቀይ መስመር አለች፤ የቢክ እስክሪብቶ ቀለም ናት። «የምትፈቺውን ሁሉ መጀመሪያ አስምሪበት፣ ስትመልሺው መስመሩ ይመራሻል» ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከ30 ዓመት በላይ አልፏት መስመሯ አልተሰበረችም፤ ቪቱ ላይ ያለችውና ብረቱ ላይ ያለችው አሁንም አንድ ናት። ሞተሩን አልነኩትም፣ አባዬ። የነኩት ማንበቢያዋን ብቻ ነው፣ እሷንም በአልኮል ጠርገዋታል፤ ዛሬም የሚጠረገው እንዲሁ ነው።

መስመሯን ፎቶ አነሣኋት፣ ታናሼ ስልክ ላይ ታሳይዎት። ከዚያ ቢስሚላህ ብዬ ቪቶቹን አላላሁ። ድራይቩን ዙምፍሎፒ በሚባል ትንሽ ሰሌዳ በኩል ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ ሞተሩን በፀጉር ስፋት እያዞርኩ አስነበብኩት። የዲስኩ ዝርዝር የሚቀመጠው መሐል ላይ በ18ኛው ቀለበት ስለሆነ እሷን ነበር የምጠብቀው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መጣች፤ በላቲን ሆሄ «ፊደል» ብለው የሰየሙት ፋይል፣ 9 ብሎክ፣ ማለትም ዘጠኝ ቁራሽ። ብቻዬን ቤት ውስጥ አለቀስኩ። ከዲስኩ 683 ቁራሾች 682ቱ ተነበቡ፤ ስለ ቀረችዋ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሮጌው ድራይቭ ያን ሌሊት ከሠራ ወዲያ እንዲለፋ አልፈለግኩም። ስለዚህ ምትኩን ሠራሁለት። መልኩ ቁርጥ እሱን ነው፤ ቁመቱና ወርዱ ግን ግማሽ። ቅርፊቱን በስሪዲ ፕሪንተር አውጥቼ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ አረንጓዴና ቀይ መብራቶቹን በየቦታቸው ተከልኩ። ሆዱ ውስጥ ራስበሪ ፓይ 3 የሚባል የእጅ መዳፍ የማታክል ኮምፒውተር አለች። ፍሎፒ አይገባበትም፤ ዲስኮችዎ በሙሉ በጥፍር በምታክል ካርድ ላይ ተገልብጠዋል።

እዚህ ላይ እርስዎን ደስ የሚልዎትን ላጫውትዎት። ድራይቩ ሞተርና ማንበቢያ ብቻ አይደለም፤ እሱ ራሱ ሙሉ ኮምፒውተር ነው። የራሱ 6502 ፕሮሰሰር በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ የራሱ 2 ኪሎ ባይት ማስታወሻ፣ 16 ኪሎ ባይት ቋሚ መመሪያና ሁለት 6522 ቺፖች አሉት። ኮሞዶሩና ድራይቩ በቀጭን ገመድ የሚነጋገሩ ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው። ስለዚህ ምትኩ ፋይሉን ዝም ብሎ ቢያቀብል ኮሞዶሩ ለቀላሉ ይስማማል፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ግን ከድራይቩ ፕሮሰሰር ጋር በምት ተቆጥሮ ስለሚሠራ እምቢ ይላል። ፓይ1541 የሚባለው ፕሮግራም የዚያን ፕሮሰሰር ሕይወት ምት በምት ይኖርለታል። ኮሞዶሩ ያ የድሮ ጎረቤቱ ነው ብሎ ነው የሚያወራው።

ሽቦው ላይ መጠንቀቅ ነበረብኝ። ኮሞዶሩ የሚናገረው በ5 ቮልት ነው፣ ራስበሪዋ የምትችለው 3.3 ብቻ፤ በቀጥታ ቢያገናኟት ትቃጠላለች። መሐል ላይ ቮልቱን ዝቅና ከፍ የሚያደርግ ሰሌዳ አስገባሁ። መጀመሪያ ሳበራው ኮሞዶሩ «ዲቫይስ ኖት ፕረዘንት» አለኝ፣ ጎረቤቴ ቤቱ የለም እንደማለት። በቴስተር ገመዱን እግር በእግር ስፈትሽ አንዷ ብየዳ ጭፍግግ ብላ አገኘኋት። «ብየዳ ካላበራ አልያዘም» ይሉ አልነበር? እንደገና አሞቅኳት፣ አበራች፣ ኮሞዶሩም መለሰልኝ።

ፍጥነቱን አልጨመርኩም፤ በሰከንድ 400 ባይት ያህል ነው፣ እንደ ድሮው። ትልቅ ፕሮግራም ሲጭን ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ይደርሳል። የማንበቢያዋን እርምጃ ድምፅ የምታሰማ ትንሽ ጩኸት ሰጪም አስገብቻለሁ። ላውጣት ወይ ብዬ አስቤ ነበር፤ ተውኳት። ሲሰሟት አብሽሩ፣ አይደንግጡ። ማሽኑ መንገዱን እየፈለገ ነው።

አሁን ስለ ቀረችዋ ቁራሽ። የፊደል ፋይልዎ ሰባተኛ ብሎክ ናት፤ ሻጋታ በልቷት ብዙ ሞክሬ አልተነበበችም። በውስጧ ያሉት ከጩ ጀምሮ እስከ ፌ ያሉ 32 ፊደላት ናቸው፤ የጨ ቤት ከጩ ወዲህ፣ ጰ፣ ጸ እና ፀ በሙሉ፣ ፈ እስከ ፌ። ከጩ የላይኛዎቹ ሁለት መስመሮች ተርፈዋል፣ የቀረው ባዶ ነው። ፍ እና ፎ ደህና ናቸው። ቴሌቪዥን ላይ ሳወጣው ሀ ብሎ ጀምሮ ጨ ላይ ይቆምና ጥቁር ሜዳ ይሆናል፤ ከዚያ ፍ ብቅ ይላል።

እኔ ልሥላቸው እችል ነበር። ጨን በስምንት ካሬ ውስጥ ከጠ ለመለየት ግን እርስዎ ስንት ማታ እንዳጠፉ፣ ስንት ጊዜ በላጲስ እንዳጠፉ አጠገብዎ ሆኜ አይቻለሁ። በእኔ እጅ እንዲሞላ አልፈልግም። ደብተሩ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ነው፤ እማዬ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ካሉት የሱቁ ደረሰኞች ጋር ይሆናል ትላለች። ታናሼ ትፈልገው። ከጠፋም አዲስ ባለ ካሬ ደብተር በአውቶቡስ ልኬያለሁ፣ ነገ መናኸሪያ ትቀበለው፤ ካሬውን እርስዎ በጣትዎ ያሳዩዋት፣ እሷ ታጥቁር።

እሑድ ከመግሪብ በኋላ እደውላለሁ። እርስዎ የጠቆሩትን ካሬዎች ይንገሩኝ፣ እኔ እደምራለሁ። ከጩ ሦስተኛ መስመር እንጀምራለን።

ልጅዎ
ከአዲስ አበባ